የሚያፈሰውን ሳይደፍኑ የተበላውን መለወጥ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ገደማ ወደ ሆነ ቆላ ያደርሳል። ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ከእርሱ ተገንጥለው በበረሃው ሸለቆ ወዳሉ ገዳማት የሚወስዱት ጥርጊያ መንገዶች ግን ድንጋይና አቧራ የበዛባቸው ናቸው። በእነዚህ መንገዶች ምእመናንንና አረጋውያን አባቶችን፣ ውኃንና ቀለብን በሚያመላልስ መኪና ላይ ብዙ እየተፈተነ የሚዘነጋ አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም በፊት አክስሉ ጫፍ የሚገኘው መገጣጠሚያ ነው።

በሀገራችን የገጠር መንገዶችም የታወቀውን ላንድ ክሩዘር እንመልከት። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70 ተከታታይ ሞዴል ወጥ የፊት አክስል አለው። በአክስሉ በሁለቱም ጫፍ ኳስ የመሰለ የብረት ቤት ይገኛል፤ በውስጡም መካኒኮች ሲቪ ጆይንት የሚሉት መገጣጠሚያ ተቀምጧል። ስድስት የብረት ኳሶች በተቦረቦረ መስመር ውስጥ እየተንከባለሉ፣ ጎማው ወደ ጎን በተጠመዘዘ ጊዜም ኃይሉን ሳያዛቡ ያስተላልፋሉ።

መገጣጠሚያው የሚኖረው በወፍራም ግራሶ ተከብቦ ነው። በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ደግሞ የዲፈረንሻሉ ቀጭን ዘይት አለ። ሁለቱን የሚለየው ኦይል ሲል የሚባል አነስተኛ የጎማ ቀለበት ብቻ ነው። ይህ ቀለበት ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ግራሶው ይገባል፤ ግራሶውም ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ወደ ውጭ ይፈሳል። ያን ጊዜ ብረት በብረት ላይ መፋተግ ይጀምራል።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከጎማው በስተ ውስጥ የሚንጠባጠብ ጥቁር ቅባት ነው። ሁለተኛው ባለ አራት ጎማ ኃይል ገብቶ መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ነው። ሦስተኛው ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚታይ ልልነት ሲሆን፣ ይህም ኩሽኔታዎቹ እንደ ተበሉ ያመለክታል። እነዚህን መናቅ አይገባም፤ መገጣጠሚያው ተሰብሮ ስብርባሪው በቤቱ ውስጥ ከተቀረቀረ መሪው ሊታሰር ይችላልና። በገደል አፋፍ ላይ የመሪ መታሰር ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎቹ ይታገዳሉ፤ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጽኑ መቆሚያ ላይ ያርፋል። ጎማው ከወለቀ በኋላ የፍሬኑ ክፍል በሽቦ ይንጠለጠላል እንጂ በቱቦው እንዲንዘላዘል አይተውም። ከዚያም ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ከነኩሽኔታዎቹ ይወጣል፤ በመጨረሻም ዘንጉ ከነመገጣጠሚያው ተስቦ ይወጣል። የብረቱ ቤት ከአሮጌው ቅባት ፈጽሞ ይጸዳል፤ አዲሱም መገጣጠሚያ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ በኳሶቹ መካከል ሁሉ እስኪገባ ድረስ ተሞልቶ ይተካል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው፦ ኦይል ሲሉ ሳይለወጥ መገጣጠሚያውን ብቻ መለወጥ ድካምን ከንቱ ማድረግ ነው። የተበላው መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ተጎጂ እንጂ የጉዳቱ ምንጭ አይደለም። የኦይል ሲሉ ዋጋ ከመገጣጠሚያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፤ ወደ እርሱ ለመድረስ የሚጠይቀው ድካም ግን አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ኦይል ሲሉም ይለወጥ፣ ኩሽኔታዎቹም ይመርመሩ፤ የሌላው ወገን ጎማም እንዲሁ ይታይ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። መኪናው ሁልጊዜ በአስፋልት ብቻ የሚሄድ ቢሆን እንኳ፣ በወር አንድ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ቁልፍ ተቆልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳ፤ ቅባቱ ወደ መገጣጠሚያው የሚዳረሰው ሲሽከረከር ነውና። የዲፈረንሻሉ ዘይትም ይለካ፤ ከጎደለ ወዴት እንደ ሄደ ይጠየቅ። ይህ ምርመራ ምእመናን ወደ ዮርዳኖስ ከሚወርዱበት ከጥምቀት በፊት፣ እንዲሁም ተሳላሚ ከሚበዛበት ከትንሣኤ በፊት ቢደረግ መልካም ነው። ከጎማው በስተ ውስጥ ጥቁር ቅባት ያየ ተሳላሚም ለሾፌሩ ከመናገር አይፈር።