ማሰሪያው አይጥበቅ

ከደብረ ወርቅ ገበያ ሲመለስ ሰው ከበቅሎ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ እንበል። ምን ይደረግ?

አይሹት፤ አይጎትቱት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ወደ ውስጥ አይግፉት፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። እበት አያስነኩት። ቀለበትና አምባር ቶሎ ያውልቁለት፤ እጁ ያብጣልና። ቀርከሃ በጨርቅ ጠቅልለው፣ አንጓውንም ክርኑንም አልፎ እንዲይዝ አድርገው ይሰሩት።

ወጌሻ የአገር ባለሙያ ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም አያልፍም። ደም ያጣ ሥጋ ደግሞ ይሞታል። በዚሁ ጦስ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች እስከ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ታይተዋል። እጁን ያሳጣው ስብራቱ አይደለም፤ ማሰሪያው ነው!

ስለዚህ ጣቶቹን ደጋግመው ይዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያውን ወዲያው ያላሉት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እስኪነጋ አይጠብቁ።