የልጁ ድካም፣ የባለቤቱ መብት

በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህም የወረታ ሰው «ሲስተር» ማለቱን አልተወም። የሚጠይቀኝ ነገር ግን ተለውጧል። ድሮ ስለ ወባና ስለ ክትባት ነበር፤ አሁን የሚበዛው ስለ ልጆችና ስለ ስልክ፣ ስለ ልጆችና ስለ ኮምፒውተር ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት፣ «ሲስተር፣ እስቲ ልጄን ይዩልኝ፤ እህል አልቀምስ አለ። ዐይን ገብቶት ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ልጁ የኮምፒውተር ተማሪ ነው። በልጅነቱ ይወደው የነበረን አንድ የቆየ የውጭ አገር ጨዋታ ሥዕሉን አሳምሮ፣ ንግግሩን በአማርኛ አድርጎ እንደ አዲስ ሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሣ ለፍቶበታል። ሲጨርስም ሳንቲም ሳይጠይቅ ለሰው በነጻ አደለው። ብዙም ሳይቆይ የጨዋታው ባለቤት የሆነ ኩባንያ «ያለ ፈቃዴ የተሠራ ነው» ብሎ አመለከተና ከኢንተርኔት ተነሣ። አባቱ በበኩሉ፣ «ያን ኮምፒውተር ሸጬ ጊደር ልግዛበት» እያለ ነው።

ልጁን አየሁት። ያመመው ሐዘን ነው። ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር በአንድ ቀን ሲጠፋበት ቢያዝን አይፈረድበትም። ወላጆቹ ግን የሆነውን በውል አላወቁትም ነበር። ብዙዎቻችሁም ይህ በቤታችሁ ሊደርስ ስለሚችል ላስረዳ።

የካሴትን ዘመን የምናስታውስ ሰዎች ነገሩ አይጠፋንም። ዘፋኝ ለፍቶ ያወጣውን ሌላው አባዝቶ ይሸጥ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጋር የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። የሰውን ሥራ ማባዛት ብቻ ሳይሆን ለውጦ ማውጣትም የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። በነጻ ማደል ፈቃድን አይተካም። «ቆይቷል፣ ተረስቷል» ማለትም አያዋጣም፤ በሕጋችን የአንድ ደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

በውጭም እንዲሁ ነው። ሚልተን ጓስቲ የተባለ አርጀንቲናዊ የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣውን አንድ የሜትሮይድ ጨዋታ ወደ 10 ዓመት ገደማ ለፍቶ እንደ አዲስ ሠራው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በነጻ ለቀቀው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኒንቴንዶ አቤቱታ ተነሣ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ኒንቴንዶ የዚያኑ ጨዋታ የራሱን አዲስ ሥራ ለገበያ አቀረበ። ኩባንያዎች የሚከለክሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አሮጌውን ዕቃቸውን አድሰው ሊሸጡት ያስባሉ።

የሁሉም ባለቤት ጠባይ ግን አንድ አይደለም። ሴጋ የተባለው ኩባንያ ጨዋታዎቹን በፍቅር ሲሠራ የነበረውን አውስትራሊያዊ ክርስቲያን ዋይትሄድን ጠርቶ አሠራው፤ ከሌሎች አፍቃሪዎች ጋር ሆነው የሠሩት ሶኒክ ማኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ያው ሴጋ ግን በ2011 ሌሎች ወጣቶች 8 ዓመት የደከሙበትን ሥራ አስነሥቷል። አንድ ጊዜ ይምራል፣ አንድ ጊዜ ይከለክላል። እንግዲህ ልጅ የዓመታት ድካሙን በሌላ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ባይጥለው ይሻላል።

የሚያጽናናው ነገር ሕጉ ሐሳብን አለመከልከሉ ነው። መዝለልና መሮጥ፣ መደበቅና ማሳደድ የማንም ንብረት አይደለም። የባለቤቱ የሆነው ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ታሪኩና የተጻፈው ፕሮግራም ነው። ገበጣን ደግሞ ተመልከቱ። በፎገራ ሜዳ እረኛ መሬት ምሶ በጠጠር ቢጫወተው፣ ልጅ በስልክ ቢሠራው «የኔ ነው» ብሎ የሚከስ የለም። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ የተባለ ድርጅት ገበሬ ስለሚያሳድዳት ዶሮ ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ ገበጣንም ለስልክ አዘጋጅቷል።

ሩዝ ወደ ፎገራ የመጣው ከሌላ አገር ነው። የእኛ እናቶች ግን ከጤፍ ጋር ደባልቀው እንጀራ አደረጉት፤ ጠላም ጠመቁበት። የተቀበሉትን በራሳቸው ምጣድ ጋገሩት። ልጆቻችንም ከውጭ ጨዋታ የተማሩትን ዘዴ ይዘው የራሳቸውን ቢሠሩ ማን ይከለክላቸዋል? ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲለብስ ከብቱን ወደ ደረቅ መሬት የሚያሸሽ ገበሬ አንድ ጥሩ ጨዋታ አይወጣውም?

ለዚያ ቤት የመከርሁትን ለእናንተም ልበል። ኮምፒውተሩን አትሽጡ። ጓስቲ ሥራው ቢነሣበትም ሙያው አልተነሣበትም፤ በኋላ ሙን ስቱዲዮስ የተባለ ድርጅት በዚያው ችሎታው ቀጥሮታል። ልጃችሁ ራሱ የጻፈውን ፕሮግራም ያስቀምጥ፤ የሰው የሆነውን ሥዕል፣ ስም፣ ሙዚቃና ታሪክ አውጥቶ በራሱ ይተካ። የተነሣበትን ግን በሌላ ስም መልሶ እንዳይለቅ ንገሩት፤ ክስ ሊያመጣ ይችላል።

ሐዘኑን አታቃልሉበት። «ጨዋታ ነው፣ ምን ያስለቅስሃል» አትበሉት፤ የሠራውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቢ ካለው፣ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌላ ሥራ ሊጀምር ሲያስብ ደግሞ መጀመሪያ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አያቶችም ድርሻ አላችሁ። የመንደራችሁን የገበጣ ደንብ፣ የእረኝነታችሁን ጨዋታ፣ የምታውቁትን ተረት ንገሩት። ለዚያ ከማንም ደብዳቤ አይመጣበትም።