ከቁመት በፊት እግር፦ ረጅም ሰው የስኖውቦርድ ሰሌዳ ሲመርጥ

ስኖውቦርድ ሁለት እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ታስረው፣ ተንሸራታቹ በጎን ቆሞ የበረዶ ቁልቁለት የሚወርድበት ስፖርት ሲሆን፣ ሰሌዳ ሊገዛ ለሚመጣ ሰው በሱቅ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ቁመቱን የሚመለከት ነው። ሰሌዳው ቀጥ ተደርጎ ሲቆም ጫፉ ከገዢው አገጭና አፍንጫ መካከል መድረስ አለበት የሚለው የቆየ ልማድ፣ ቁመቱ፣ ክብደቱና እግሩ እርስ በርስ ለሚመጣጠን ሰው ብዙም አያሳስትም፤ ቁመቱ 1.95 ሜትር ለሆነና 47 ቁጥር ጫማ ለሚያደርግ ሰው ግን ይኸው ልማድ ዋናውን ችግር ሸፍኖ ያልፈዋል። ለእንዲህ ያለው ገዢ የምርጫው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፦ ጫማው ይቀድማል፣ የሰሌዳው ስፋት ይከተላል፣ ክብደቱ ርዝመቱን ይወስናል፣ ቁመቱ ደግሞ በመጨረሻ፣ ያውም ሁለቱ እግሮች ምን ያህል ተራርቀው ይታሰሩ የሚለውን ለመወሰን ብቻ ይጠየቃል።

ስፖርቱ ሲጀመር የእግር ትልቅነት ማንንም አላሳሰበም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሸርማን ፖፐን የተባለ አሜሪካዊ በሚሺጋን ግዛት በማስኪገን ከተማ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያይዞ ለሴት ልጆቹ የሠራው «ስነርፈር» የተሰኘው መንሸራተቻ የእግር ማሰሪያ ስላልነበረው፣ የቆመበት ሰው እግሩን እንደፈለገ ያዞር ነበር። ጄክ በርተን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1977 በቨርሞንት ግዛት ኩባንያውን ካቋቋመ ወዲህ ግን የእግር ማሰሪያና የብረት ጠርዝ ያላቸው ሰሌዳዎች እየተለመዱ መጡ፤ ስፖርቱም እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ናጋኖ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካተተ። እግር በሰሌዳው ላይ በአንድ ቋሚ አቅጣጫ ሲታሰርና ሰሌዳው በጠርዙ በረዶውን እየቆረጠ እንዲታጠፍ ሲፈለግ፣ የእግር ርዝመትና የሰሌዳ ስፋት የማይነጣጠሉ ጉዳዮች ሆኑ።

የማይነጣጠሉበት ምክንያት የሚታየው ሰሌዳው በሚታጠፍበት ቅጽበት ነው። ተንሸራታቹ አቅጣጫ የሚለውጠው ሰሌዳውን ወደ ጣቶቹ ወይም ወደ ተረከዙ አዘንብሎ በአንደኛው ጠርዝ ላይ በማቆም ሲሆን፣ የጫማው አፍንጫ ወይም ተረከዝ ከጠርዙ አልፎ በብዛት ከወጣ፣ ሰሌዳው ገና በበቂ ሁኔታ ሳያዘነብል ጫማው በረዶውን ይነካል። በዚያች ቅጽበት ክብደቱ ከብረቱ ጠርዝ ወደ ጫማው ይሸጋገራል፤ ጠርዙም ከበረዶው ይነሣና ሰውየው በጎኑ ይወድቃል። ነገሩን አደገኛ የሚያደርገው በዝግተኛ ጉዞና በለዘብተኛ ቁልቁለት ላይ ጨርሶ የማይታይ መሆኑ ነው፤ ችግሩ የሚገለጠው ፍጥነት ሲጨምርና ማዘንበሉ ሲበረታ፣ ማለትም መውደቅ በሚጎዳበት ጊዜ ነው። ብዙ ባለ ትልቅ እግር ተንሸራታቾችም የመሣሪያቸውን ጉድለት የችሎታ ማነስ አድርገው ይቆጥሩታል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። የ47 ቁጥር ባለቤት እግር ርዝመቱ 31 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የጫማው ውጫዊ ርዝመት፣ ጫማው ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ቢሆን እንኳ፣ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እግሩ ከሰሌዳው አግድም መስመር 15 ዲግሪ ዞሮ ቢታሰር ጫማው በሰሌዳው ስፋት አቅጣጫ የሚይዘው ቦታ ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የሰሌዳው ወገብ፣ ማለትም መሐል ላይ ያለው እጅግ ጠባቡ ክፍል፣ 25.2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እግሮቹ በሚታሰሩበት ቦታ ስፋቱ በግምት አንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚጨምር 26.2 ይሆናል፤ ስለዚህ ጫማው በእያንዳንዱ ጎን 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል። የጫማው ሶል ከሰሌዳው ግርጌ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል ቢባል፣ ሰሌዳው 46 ዲግሪ ሲያዘነብል ጫማው በረዶ ይነካል ማለት ነው። ወገቡ 27.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ግን ያው ጫማ በየጎኑ የሚያልፈው 1.75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ማዘንበሉ ወደ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ይህ ስሌት የሚሠራው በጠንካራ በረዶ ላይ ነው፤ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ጠርዙ ወደ ታች ስለሚሰምጥ ጫማው ከዚያም ቀድሞ ይነካል። በተግባር በየጎኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለፍ እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ ጥቂት ማለፉ እንዲያውም ተንሸራታቹ በጣቶቹና በተረከዙ ጠርዙን በኃይል እንዲጫን ያግዘዋል።

ጫማው ሁሉን የሚቀድመው በዚህ የተነሣ ነው። የስኖውቦርድ ቦት ጫማዎች «ሞንዶፖይንት» በሚባል አሠራር የሚለኩ ሲሆን፣ ይህም የእግሩን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ወይም በሚሊ ሜትር በቀጥታ የሚገልጽ ቁጥር ነው። እግርን ለመለካት ካልሲ አድርጎ ተረከዝን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ሙሉ ክብደትን በእግሩ ላይ አሳርፎ መቆምና ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ያለውን ርቀት መያዝ ይበቃል። ብዙ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ በመንገድ ጫማቸው ቁጥር ወይም ከዚያ በሚበልጥ ቁጥር ይገዛሉ፤ ትልቅ እግር ያለው ሰው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በጠባብ ጫማ ሲሰቃይ የኖረ ስለሆነ ሰፊውን የመምረጥ ዝንባሌው ይበረታል። ውጤቱም ድርብ ኪሳራ ነው፦ ተረከዙ በጫማው ውስጥ እየተነሣ ቁጥጥር ያሳጣዋል፣ ሳያስፈልግ የጨመረው አንድ ሴንቲ ሜትርም ከሰሌዳው ጠርዝ ውጭ ይውላል። በትክክል የሚገጥም ቦት ጫማ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶቹን በስሱ የሚነካ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ የሚለቃቸው ነው፤ የውስጥ ሽፋኑ ከጥቂት ቀናት አጠቃቀም በኋላ ስለሚለሰልስ አዲስ ሲሆን ጠበቅ ማለቱ ተገቢ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የእግሩን ቦታ ሳይቀንሱ ውጫዊ አካላቸው እንዲያጥር ተደርገው የተሠሩ ጫማዎች ስላሉ፣ ገዢው ሁለት ጫማዎችን ሶል ለሶል አጋጥሞ ቢያወዳድር ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ርዝመታቸው የተለያየ መሆኑን በዐይኑ ያያል።

ጫማው ከተገኘ የሰሌዳውን ስፋት መወሰን ቀላል ነው። መደበኛ የወንዶች ሰሌዳዎች ወገባቸው ከ25 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ የሚል ሲሆን፣ ከ26 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ያሉት «ዋይድ» ማለትም ሰፊ ይባላሉ፤ በስማቸው ላይ ከርዝመታቸው ቀጥሎ «ደብልዩ» የሚለው ፊደል ይጻፍባቸዋል። ፊደሉ ግን በራሱ ዋስትና አይደለም። አንዱ አምራች 26 ሴንቲ ሜትሩን ሰፊ ሲለው ሌላው 27 ሴንቲ ሜትሩን እንዲሁ ሊለው ስለሚችል፣ ገዢው በፊደሉ ሳይሆን አምራቹ በሚያወጣው የልኬት ሰንጠረዥ መመራት አለበት። ለ45 ቁጥር እግር 26 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ለ47 እና ከዚያ በላይ ግን ከ27 በታች ያለውን መተው ይሻላል። በአንጻሩ «ሰፊ ከሆነ ምንጊዜም ይሻላል» ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ሰሌዳው በሰፋ ቁጥር ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለማዘንበል ተጨማሪ ጉልበትና ጊዜ ይጠይቃል፤ ከእግሩ አልፎ የሰፋ ሰሌዳ የሚገዛ ሰው ሲደክም ይውላል።

ርዝመትን በተመለከተ የሚወስነው ክብደት ነው፤ ሰሌዳው የተሸከመውን ሰው ኪሎ እንጂ የራሱ ጫፍ አገጩ ላይ መድረሱን አያውቅምና። ሰሌዳ ጭነት ሲያርፍበት እንዲታጠፍና መልሶ እንዲነሣ ተደርጎ የሚሠራ በመሆኑ፣ አምራቾች ለየርዝመቱ ተስማሚ የክብደት ክልል ያትማሉ። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለሁለገብ አጠቃቀም ከ162 እስከ 166 ሴንቲ ሜትር ባለው ርዝመት ላይ ይወድቃል፤ ከዚህ ባጠረና በለሰለሰ ሰሌዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ሰሌዳው ይንቀጠቀጥበታል፣ በጥልቅ በረዶ ውስጥም የፊት ጫፉ ይሰምጥበታል። ቁመቱም ክብደቱም እግሩም አብሮ የገዘፈ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ረጅሙ፣ ሰፊውና ጠንካራው ሰሌዳ በቀጥታ የተሠራው ለእርሱ ነው።

እውነተኛው ፈተና የሚገጥመው ረጅምና ቀጭን የሆነውን ሰው ነው፤ በመደብሮች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በስሕተት የሚመከረውም እርሱ ነው። ቁመቱ 1.95 ሜትር፣ ክብደቱ 75 ኪሎ፣ ጫማው 47 የሆነ ወጣት በአገጭና በአፍንጫ ልማድ ከሄደ 170 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ ክብደቱ ግን ከ155 እስከ 159 ሴንቲ ሜትር ካለው ክልል አያልፍም። አምራቾች ደግሞ ባለ ትልቅ እግር ሰው ከባድም ይሆናል ከሚል ግምት ተነሥተው ሰፊ ሰሌዳዎቻቸውን በአመዛኙ ረጅምና ጠንካራ አድርገው ስለሚሠሩ፣ ወጣቱ እግሩን የሚችልለት ሰሌዳ ክብደቱ ሊያጥፈው የማይችል፣ ክብደቱ የሚያጥፈው ሰሌዳ ደግሞ እግሩን የማይችል ሆኖ ያገኘዋል። ከሁለቱ ክፉዎች አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን እንኳ ረጅሙንና ግትሩን መምረጥ አይመከርም፤ የማይታጠፍ ሰሌዳ አያስተምርም፣ እግርንም ይገድላል።

ለዚህ ሰው የሚሻለው መፍትሔ፣ ከርዝመት ተቀንሶ ወደ ስፋት የተጨመረበት አጭርና ሰፊ ሰሌዳ ነው። በእነዚህ ሰሌዳዎች በረዶው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ገጽ ከረጅሙ ሰሌዳ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ አጥረውም ቢሆን በጥልቅ በረዶ ላይ አይሰምጡም፤ አምራቾቹም ተንሸራታቹ ከለመደው ርዝመት ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀንሶ እንዲይዝ ይመክራሉ። የሚጎድላቸው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሚገኘው እርጋታ ነው፤ በረዶውን የሚይዘው የጠርዝ ርዝመት አጭር በመሆኑ ጠንካራ በረዶ ላይ ረጅሙን ሰሌዳ ያህል አይነክሱም። መሐሉ ከፍ ብሎ የተሠራው «ካምበር» ወይም ጫፎቹ ወደ ላይ የተነሡት «ሮከር» የሚሻለው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ በገበያው ብዙ ቢወራበትም፣ ከእግር ትልቅነት ጋር ግን ይህ ነው የሚባል ግንኙነት የለውም፤ ካምበር ጠርዝን ያጠነክራል፣ ሮከር ለጀማሪና ለጥልቅ በረዶ ይመቻል፣ ከዚህ ያለፈው የምርጫ ጉዳይ ነው።

ከሰሌዳው በኋላ የሚቀረው ማሰሪያው፣ በሙያው አጠራር «ባይንዲንግ»፣ ሲሆን ለ47 ቁጥር ጫማ ከአምራቹ ትልቁን መጠን መያዝ ያስፈልጋል። ጫማው በማሰሪያው ውስጥ ሲታሰር የአፍንጫውና የተረከዙ ትርፍ እኩል መሆን አለበት፤ በአንድ በኩል ብቻ የበዛ ትርፍ ሰፊውን ሰሌዳ ከንቱ ያደርገዋል። እግርን ይበልጥ አዙሮ ማሰርም ትርፉን ይቀንሳል፦ 33 ሴንቲ ሜትሩ ጫማ 30 ዲግሪ ሲዞር በስፋቱ አቅጣጫ የሚይዘው 28.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጠንካራ ቦት ጫማ አድርገው በጠርዝ ብቻ የሚሮጡት የአልፓይን ተወዳዳሪዎች ወገቡ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ በሆነ ሰሌዳ ላይ መቆም የሚችሉት እግራቸውን ከ50 ዲግሪ በላይ ስለሚያዞሩት ነው። ይሁን እንጂ ለተራ ተንሸራታች ጠባብ ሰሌዳን ለማዳን ሲባል ብቻ እግርን ከልኩ በላይ ማዞር ጉልበትንና ዳሌን በማይመች ሁኔታ ያስገድዳል፤ ከማሰሪያው ሥር የሚገባው ከፍ ማድረጊያ ጠፍጣፋ ፕላስቲክም ጫማውን ከበረዶው በማራቅ የሚረዳ ቢሆንም፣ ትንሽ ጉድለት ይሸፍናል እንጂ የሦስት ሴንቲ ሜትርን ስሕተት አያርምም።

ቁመት ተራው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የረጅም ሰው የስበት ማዕከል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እግሮቹ ተቀራርበው ከታሰሩ ሚዛኑን በቀላሉ ይስታል፤ እንደ ቁመቱ ከ56 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቆ መቆም ያስፈልገው ይሆናል። አጫጭር ሰሌዳዎች ግን ማሰሪያው የሚጠበቅባቸው ቀዳዳዎች እስከዚያ ላይራራቁ ስለሚችሉ፣ ከመግዛት በፊት በልኬት ሰንጠረዡ ላይ ከፍተኛውን ርቀት ማየት ይገባል።

የኢትዮጵያ ተወላጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች መካከል ዴንቨርና ሲያትል ለበረዶ ተራሮች ቅርብ በመሆናቸው፣ ልጆቻቸውም ይህን ስፖርት ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ስለሚጀምሩ፣ ሰሌዳ ለመከራየት ወይም ለመግዛት በሱቅ በር የሚቆም አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ለዚህ ወላጅ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ጫማውን በቅድሚያ ግዛ፣ እርሱኑ ይዘህ ሰሌዳ ተከራይ፣ ማሰሪያው ላይ አስረህ ሰሌዳውን ከግርጌው በኩል እያየህ በየጎኑ የወጣውን በማስመሪያ ለካ። ከሁለት ሴንቲ ሜትር ብዙ ካለፈና ሱቁ ውስጥ ከዚያ የሚሰፋ ሰሌዳ ከሌለ፣ «ትለምደዋለህ» የሚለውን የሻጭ ቃል ተቀብሎ ከመክፈል ይልቅ ሰፊውን አዝዞ መጠበቅ ይሻላል።