ለመርከበኛ የተደመረ ኢንተግራል

ዴሪቬቲቭ ሕጉን ላወቀ ሰው አያስቸግርም፤ ደረጃውን ተከትሎ ከሠራ መልሱ ይመጣል። ኢንተግራል ግን ግምት ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ዕድል። ለዚህ ከሴካንት፣ ማለትም አንድ ለኮሳይን ሲካፈል ከሚገኘው ፈንክሽን፣ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በካርታ ነው። ገራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ የኬንትሮስ መስመሮች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይወጣሉ እንጂ ወደ ዋልታ አይሰበሰቡም። ስለዚህ ምድሩ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ መጠኑም የኬክሮሱ ሴካንት ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ እጥፍ ይሆናል። በኮምፓስ የተያዘ አቅጣጫ በካርታው ላይ ቀጥተኛ መስመር እንዲሆን ደግሞ ወደ ላይም በዚያው ልክ መለጠጥ ግድ ነው። እንግዲያው 60ኛው ዲግሪ ከምድር ወገብ ምን ያህል ርቆ ይሰመር? እስከዚያ ድረስ ያለው ልጠጣ ሁሉ ተደምሮ።

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ራይት ድምሩን ደቂቃ በደቂቃ (የዲግሪ 60ኛ እጅ ማለት ነው) ሠርቶ በ1599 ሰንጠረዡን አሳተመ። ኒውተንም ላይብኒዝም ገና አልተወለዱም! ራይት የሠራው ዛሬ ወሰን ያለው ኢንተግራል የምንለውን ነው፤ ከዚህ እስከዚያ ተብሎ ይደመርና ቁጥር ይሰጣል። ወሰን የሌለው ኢንተግራል የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ዴሪቬቲቩ ሴካንት የሚሆነው የትኛው ፈንክሽን ነው?

በ1640ዎቹ ሄንሪ ቦንድ የተባለ የባሕር ጉዞ መምህር የራይትን ሰንጠረዥ ከታንጀንት ሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ጋር ሲያስተያይ ቁጥሮቹ ገጠሙለት። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ጄምስ ግሪጎሪ በ1668 አረጋገጠው፤ አካሄዱ ግን አድካሚ ነበር። ለተማሪ የሚመቸውን መንገድ የከፈተው አይዛክ ባሮ ነው፣ በ1670።

በዛሬው አጻጻፍ፣ ላይና ታቹን በኮሳይን እናባዛ። ታች ኮሳይን ስኩዌር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ላይ ሳይን ስኩዌር ሲቀነስ የሚቀረው ነው። አሁን ሳይንን በአዲስ ተለዋዋጭ እንተካው፤ ላይ ያለው ኮሳይን የሳይን ዴሪቬቲቭ ስለሆነ ከስሌቱ ይወጣል። የቀረው ክፍልፋይ ለሁለት ይበተናል፤ ሁለቱም ሎጋሪዝም ይሰጣሉ። ቦንድ ያየው ሎጋሪዝም ከዚህ የመጣ ነው። መተካትና መበተን፣ ሁለት ዘዴ በአንድ ጥያቄ። በክፍል በክፍል የሚባለው ሦስተኛው ዘዴ የዴሪቬቲቭ የማባዛት ሕግ ወደ ኋላ ሲነበብ ነው፤ እዚህ አላስፈለገንም።

ሁሌ እንዲህ አይሳካም። ጆሴፍ ሊውቪል በ1830ዎቹ እንዳሳየው፣ በተለመዱት ፈንክሽኖች ፈጽሞ የማይጻፉ ኢንተግራሎች አሉ። የስታትስቲክስ ተማሪ የሚያውቀው የደወል ቅርጽ ያለው ኩርባ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ከመካከሉ ቁራጭ ስፋት የፈለገ ሰው እንደ ራይት መደመር አለበት። ከዳር እስከ ዳር ያለው ጠቅላላ ስፋት ግን፣ ኩርባው በቀላሉ መልኩ ሲጻፍ፣ ልክ የፓይ ስኩዌር ሩት ነው።