የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ባትሪና የማስነሻ ገመድ አያያዝ

እንደሚታወቀው የመጠባበቂያ ጄኔሬተር የሚፈለገው በችግር ሰዓት ነው። ምጥ የያዛት እናት ክሊኒክ ውስጥ እያለች፣ ወይም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበት ክትባት ፍሪጅ ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋ ተስፋችን እርሱ ነው። ነገር ግን ሳይነካ የቆየ ጄኔሬተር ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። በባሱንዳ አካባቢ ደግሞ በክረምት ጥቁሩ አፈር ስለሚጨቀይ መካኒክ ከገዳሪፍ ቶሎ አይደርስም። ስለሆነም ጥንቃቄው አስቀድሞ መደረግ አለበት።

ባትሪ ለምን ይደክማል?
ባትሪ ሥራ ባይሠራም በራሱ ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ብክነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። የባትሪው ውሃም ይቀንሳል። በአገሩ የሚያዝያና የግንቦት ሙቀት ባትሪን ረስቶ መተው መግደል ነው።

ጥፋቱ የባትሪው ብቻ ነውን?
አይደለም። ብዙ ጊዜ ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ ገመዱ ያስቸግራል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ይስባል። 300 አምፔር በሚያልፍበት ገመድ ላይ ዝገት ወይም የላላ ብሎን 0.01 ኦም ብቻ እንቅፋት ቢፈጥር፣ 300 በ0.01 ሲባዛ 3 ቮልት ይሆናል። ከ12 ቮልት ውስጥ 3ቱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ወፍራሙን ገመድ በቀጭን የመብራት ሽቦ መተካትም እንደዚሁ ኃይል ያባክናል፤ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሳም ይችላል።

ምን እናድርግ?
1. ባትሪው በቻርጀር ወይም መቆጣጠሪያ ባለው የፀሐይ ኃይል መሙያ ዘወትር ይሞላ። ጄኔሬተሩም በየጊዜው ይነሳ።
2. ባትሪው ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ይለካ። ወደ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ይሞላ። ለ24 ቮልት ቁጥሩ እጥፍ ነው።
3. ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበት፤ የሀፊር ወይም የጉድጓድ ውሃ ያበላሸዋል።
4. መጋጠሚያውን ከማጽዳት በፊት ጄኔሬተሩ በድንገት እንዳይነሳ ማዞሪያውና ቻርጀሩ ይዘጉ። መጀመሪያ ኔጋቲቩ ይፈታ፤ ሲታሰር ግን መጨረሻ ይሁን። ዝገቱ ተጠርጎ ብሎኑ ይጥበቅ፣ ከላይ ግራሶ ይቀባ።
5. ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ሲጋራና ፋኖስ አይቅረቡ። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ሐኪም ይኬድ።

በመጨረሻም አንድ ተራ ደብተር ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቢሰቀልና ቀኑ፣ ቮልቱና የተሠራው ሥራ ቢመዘገብበት፣ ተረኛው ሲለወጥ ሥራው አይቋረጥም።