የጅጅጋው ቀረጻ

በሰኔ 2003 ዓ.ም መገባደጃ ማርቲን ሺብዬና ዮሃን ፐርሶን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ከኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ተዋጊዎች ጋር ከሶማሊያዋ ፑንትላንድ ወደ ኦጋዴን ተሻገሩ። ነዳጅ በሚፈለግበት በዚያ በረሃ በሰው ላይ ይፈጸማል የሚባለውን ግፍ በዓይናቸው ሊያዩ ነበር። ከድንበር ማዶ የደረሱ ስደተኞች ስለ ግፉ ያወሩ ነበር። ኦጋዴን ያለበት የሶማሌ ክልል ግን ለጋዜጠኛ ዝግ ነበርና፣ ወሬው ወሬ ሆኖ ቀርቷል።

እነሱም አልቀናቸውም። ሰኔ 24 ቀን ተኩስ ተከፈተባቸውና ቆስለው ተያዙ።

በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ፣ ሽብርን በመደገፍና በሕገወጥ መንገድ አገር ውስጥ በመግባት 11 ዓመት ተፈረደባቸው። ከማስረጃዎቹ አንዱ ቪዲዮ ነበር። የተቀነባበረ ነው አሉ፤ ማን ሊሰማቸው? ሳይቆረጥ የቀረው ሙሉ ቀረጻ የክልሉ ዋና ከተማ ጅጅጋ ነበር፤ የሚያውቀውም ሰው እዚያው ነበር።

አብዱላሂ ሁሴን የክልሉ ፕሬዚዳንት የአቶ አብዲ መሐመድ ዑመር የመገናኛ ብዙኃን አማካሪ ነበር። ክልሉ ለቅስቀሳ ብሎ ያስቀረጸው ሁሉ በእሱ እጅ ያልፍ ነበር። ጋዜጠኞቹ በረሃ ለበረሃ ያሰሱት ማስረጃ፣ በግፉ የሚወቀሰው ወገን በራሱ ካሜራ ቀርጾ በራሱ መደርደሪያ ያስቀመጠው ኖሯል! አብዱላሂ አንድ ቀን ከ100 ሰዓት በላይ የሚሆን ፊልም ይዞ ከአገር ወጣ። ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ስዊድን ደረሰ። ፊልሙ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ሲታይ የአያያዙ ትዕይንት እንደ ተውኔት የተዘጋጀ መሆኑ ተገለጠ፤ አቶ አብዲም ትእዛዝ ሲሰጡ ይታያሉ። ሁለቱ ጋዜጠኞች ጳጉሜን 5 ቀን 2004 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በይቅርታ ተፈትተው ነበር።

ካሜራው ያልደረሰበት አንድ ግቢ ግን ጅጅጋ እምብርት ላይ ቀረ፤ ጄል ኦጋዴን የተባለው እስር ቤት። መርማሪ ሲመጣ የተጎዱት እስረኞች ይደበቁ ነበር፤ እውነቱን የተናገረ ደግሞ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ይቀጣ ነበር። በር የማይከፈት ሆነና ሂዩማን ራይትስ ዎች ከእስር የወጡትን ማነጋገር ያዘ። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች መሰከሩ፤ 70ው በዚያ ታስረው የነበሩ ናቸው። ሪፖርቱ በሰኔ 2010 ዓ.ም ወጣ። በቀጣዩ ወር አቶ አብዲ ሥልጣን ለቀቁ፤ በነሐሴ ታሰሩ፤ በ2011 ዓ.ም መባቻ ጄል ኦጋዴን ተዘጋ።

አቶ አብዲ የተከሰሱት ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም በጅጅጋ በደረሰው ሁከት ነበር። ያም ክስ በ2016 ዓ.ም ተነሣና ተፈቱ።