ቶሎ የሚረገጥ ኮንክሪት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ምሥራቅ በኩል በወረታ፣ በይፋግና በአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ የፎገራን ሩዝ የጫነው ገልባጭና ወደ መተማ የሚወርደው ባለተሳቢ መኪና ቀንና ሌሊት የሚመላለሱበት በመሆኑ፣ በዚህ መንገድ ላይ የድልድይ ወለል ወይም የጎርፍ ማሳለፊያ አርማታ መታደስ በሚያስፈልገው ጊዜ መሐንዲሱን የሚያስጨንቀው ኮንክሪቱን ማፍሰሱ ሳይሆን፣ ያፈሰሰውን ኮንክሪት ከጎማ የሚጠብቅበት ጊዜ ማግኘቱ ነው። ይፋግ ዛሬ ትንሽ ከተማ ብትሆንም በ19ኛው መቶ ዘመን የሲራራ ነጋዴ በአህያና በበቅሎ አሞሌ ጨው ጭኖ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ በዚያን ዘመን መንገዱ የሚሸከመው የከብት ኮቴ ብቻ ስለ ነበረ ማንም ስለ መሬቱ ጽንዐት አልተጨነቀም። የዛሬው ከባድ መኪና ግን በአንዱ አክስል ብቻ 10 ቶን ያህል ያሳርፋል። አሜሪካኖች ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ግዛት በኦታዋ ከተማ አጠገብ የጭነት መኪናዎችን ያለማቋረጥ እያመላለሱ ባደረጉት ታላቅ ምርመራ እንደ ተረጋገጠው፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋራ በእኩል መጠን የሚጨምር አይደለም፤ የአክስሉ ሸክም እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይደርሳል።

ኮንክሪት ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውሃ የሚሠራ መሆኑን የማያውቅ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው፤ የሚጸናበትን ምሥጢር በተመለከተ ግን ብዙው ሰው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ የሚጠነክር ይመስለዋል። ነገሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር በ1,450 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተቃጥለው ከጥቂት ጂፕሰም ጋራ ተፈጭተው ሲሚንቶ ከሆኑ በኋላ፣ ይህ ዱቄት ውሃን ሲያገኝ ውሃውን ከገዛ ባሕርዩ ጋራ አዋሕዶ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ማዕድናትን ያስገኛል፤ እነዚህም እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው አሸዋውንና ጠጠሩን አንድ አካል ያደርጓቸዋል። ስለዚህ በበጋ ፀሐይና በነፋስ ውሃውን ያለ ጊዜው የተነጠቀ ኮንክሪት ደረቀ እንጂ አልጸናም። የጎንደር አብያተ መንግሥታት ግንብ የተያያዘበት ኖራ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ እርሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየሳበ ወደ ድንጋይነት የሚመለስ በመሆኑ፣ የወፍራም ግድግዳ ውስጡ እስኪጸና ድረስ እጅግ ረጅም ዘመን ይፈጅበታል። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለው እንግሊዛዊ ግንበኛ በ1824 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ግኝት እየተሻሻለ ለዛሬው ሲሚንቶ መነሻ ባይሆን ኖሮ፣ ዛሬ የፈሰሰ ወለል በዚሁ ሳምንት መኪና ይሸከማል ብሎ የሚያስብ አይገኝም ነበር።

የመሐንዲሶች ልማድ የኮንክሪትን ሙሉ ጽንዐት የሚመዝነው በ28ኛው ቀን ነው፤ በተለመደው ሲሚንቶ የተሠራው በ7ኛው ቀን የዚህን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ኮንክሪቱ ገና እንደ ፈሰሰ ያለው ሰዓት አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ቢነቀነቅ ራሱን መልሶ ይገጥማልና። የሚያስፈራው ከረጋ በኋላ ገና ሳይጸና ያለው ጊዜ ነው፤ አራስ ሴት በወለደች በማግሥቱ እንስራ እንደማትሸከም ሁሉ፣ ይህም አካል ቆሞ ስለ ታየ ብቻ ሸክም አይጫንበትም። በዚህ ጊዜ የሚደርሰው ስንጥቅ በላይ በኩል ሳይታይ ይቀርና ከአንድ ወይም ከሁለት ክረምት በኋላ ውሃ እያስገባ ፌሮውን ያዝገዋል፤ ያን ጊዜም ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የሚያስታውስ አይኖርም።

ጎማው ወለሉን የሚጎዳው ከላይ ጨፍልቆ እንዳይመስለን። ኮንክሪት ለመጨመቅ ኃያል፣ ለመሳብ ግን ደካማ ነው፤ የመሳብ ጽንዐቱ ከመጨመቅ ጽንዐቱ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። መኪናው ሲያልፍ ወለሉ ጥቂት ይጎብጣል፣ ታችኛው ፊቱም ይለጠጣል፣ በተለይም በጠርዝና በማዕዘን በኩል። ከሥሩ ያለው መሬት ከሸሸ ደግሞ መጉበጡ ይብሳል፤ በፎገራ ሜዳና በርብ ወንዝ ዙሪያ ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ መሆኑን የአገሩ ገበሬ ከማንም መሐንዲስ በፊት ያውቀዋል። ስለዚህ ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ ገብቶ በሮለር ሳይጠቀጠቅ፣ በሲሚንቶ ብዛት ብቻ ወለሉን አድናለሁ የሚል ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈስሳል።

እንግዲህ ተሽከርካሪው መምጣቱ ካልቀረ፣ ፍጥነቱ ከውህዱ ውስጥ መገኘት አለበት እንጂ ከኮንክሪቱ የመጽኛ ቀን ላይ ተቀንሶ መገኘት የለበትም። የመጀመሪያው ምርጫ ሲሚንቶው ነው። በአገራችን ገበያ ኦፒሲና ፒፒሲ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ፣ ሁለተኛው ፑሚስን የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጨመረበት በመሆኑ ለቤት ሥራና ለመሠረት መልካም ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚዘገይ ነው፤ ለችኩል ሥራ ኦፒሲ ይመረጣል። በከረጢቱ ላይ ካለው የጽንዐት ቁጥርም ቀጥሎ የተጻፈችውን ፊደል ማየት ይገባል፤ 42.5 አር የተባለው ሲሚንቶ በቤተ ሙከራ በ2 ቀን ቢያንስ 20 ሜጋፓስካል ጽንዐት እንዲሰጥ የሚገደድ ሲሆን፣ 42.5 ኤን የተባለው ግን የሚገደደው 10 ብቻ ነው፤ በ28ኛው ቀን ሁለቱም ከ42.5 ማነስ የለባቸውም።

ሁለተኛው ውሃው ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ከማናቸውም ነገር ይልቅ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 20 ሊትር ውሃ፣ ማለት አንድ ጀሪካን፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚበቃ ልክ ነው፤ አሸዋው ከወንዝ እንደ ወጣ እርጥብ ከሆነም የያዘው ውሃ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። እንዲህ ያለው ውህድ ግን ደረቅ ያለ ስለሆነ በአካፋ ሲገፉት ያደክማል፤ የቀን ሠራተኛው ከቀትር በኋላ ሲደክመው ጀሪካኑን አዘንብሎ ግማሽ ይጨምርበታል፣ ኮንክሪቱም ወዲያው እየፈሰሰ ይታዘዝለታል። ይህ የተጨመረው 10 ሊትር ከሲሚንቶው ጋራ ሳይዋሐድ ተንኖ ሲሄድ በየስፍራው ረቂቅ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ጽንዐቱም በእጅጉ ይወርዳል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጽንዐት ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል። ሠራተኛውን መቆጣት ፍትሕ አይደለም፤ መድኃኒቱ ውሃ ሳይጨመር ውህዱን የሚያለሰልሰውን ኬሚካል ገዝቶ ማቅረብና በቂ ቫይብሬተር ማዘጋጀት ነው። መርጋትን የሚያፋጥኑ ኬሚካሎችም አሉ፤ ነገር ግን ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው ርካሹ ፌሮን የሚያዝግ በመሆኑ ፌሮ ባለበት አርማታ ውስጥ ሊገባ አይገባውም።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የሲሚንቶና የውሃ መዋሐድ በ10 ዲግሪ ሙቀት በ20 ዲግሪ ከሚሄድበት ፍጥነት ግማሽ ያህል ብቻ ይሄዳልና፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳም ሌሊት የፈሰሰ ወለል በመጋቢት ከፈሰሰው ጋራ በአንድ ቀን አይደርስም። ወለሉን በእርጥብ ጆንያና በላስቲክ መሸፈን በቀን ከመድረቅ፣ በሌሊት ከመቀዝቀዝ ያድነዋል። መንገዱን በግማሽ ከፍሎ አንዱ ወገን ሲጸና በሌላው ማሳለፍም የቆየና የታመነ ዘዴ ነው፤ ይሁን እንጂ በድልድይ ላይ ሲሆን በአጠገቡ የሚያልፈው መኪና አሮጌውን ወገን ባጎበጠ ቁጥር ከዚያ ወደ አዲሱ የሚገባውን ፌሮ ስለሚነቀንቀው፣ መኪናዎች ቀስ ብለው በዳር በኩል እንዲያልፉ ማስገደድ ያሻል።

ከባድ መኪና በአዲስ ኮንክሪት ላይ በዚያው ቀን ሲነዳ ማየት የሚሻ ሰው ግን የጣናን ውሃ ተከትሎ ወደ ጉባ መውረድ ነበረበት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ዋናው አካል፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነው፣ የተሠራው በሮለር በሚጠቀጠቅ ኮንክሪት ነው። ይህ ውህድ እጅግ ጥቂት ውሃ ያለበት፣ ለዓይን እርጥብ ገረጋንቲ የሚመስል ሲሆን፣ ዶዘር በስሱ ንጣፍ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ከባዱ ሮለርም ወዲያው ይወጣበታል። የሚሸከመውም ሲሚንቶው ስለ ጸና አይደለም፤ ጠጠር በጠጠር ላይ ተጠቅጥቆ ስለ ተቀመጠ ነው፤ ሲሚንቶው ሥራውን በኋላ በእርጋታ ይፈጽማል። ዘዴው በመንገድም ይሠራበታል፤ ብዙ ፌሮ ላለው የድልድይ ወለል ግን ሮለር በፌሮ መካከል ሊጠቀጥቀው ስለማይችል አይሆንም።

መንገዱ የሚከፈትበትን ሰዓት የሚወስነው ምን ይሁን? ብዙ ጊዜ ቀን ተቆጥሮ፣ አንዳንዴም በእንግዳ መምጣት ምክንያት፣ መንገዱን የዘጋው ገመድ ይነሣል። ለዚህ የተሻለው ምስክር ወለሉ ሲፈስስ ከዚያው ውህድ ተወስዶ ውስጡ ዘይት በተቀባ ብረት ሣጥን የሚሞላው፣ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው ኪዩብ ነው። ጥቂት ኪዩቦች በቤተ ሙከራው ሙቅ ገንዳ ሳይሆን ከወለሉ ጎን በዚያው ጆንያ ሥር አድረው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ተጨፍልቀው ይመርመሩ፤ ኪዩቡ እስኪሰበር 45 ቶን ገደማ ከተሸከመ ጽንዐቱ 20 ሜጋፓስካል ደርሷል ማለት ነው፤ ይህም በልዩ ልዩ አገር ወለልን ለተሽከርካሪ ለመክፈት ከሚጠየቀው ልክ ጋራ ተቀራራቢ ነው። የሥራ ውል የሚያረቅቁ ሰዎች «በዚህ ቀን ይከፈታል» በማለት ፈንታ «ይህን ጽንዐት ሲያገኝ ይከፈታል» ብለው ቢጽፉ፣ የሥራ ተቋራጩ የተሻለ ሲሚንቶ ለመግዛት ምክንያት ያገኛል፤ በቦታው ያለው ተቆጣጣሪም ይከፈት የሚል ትእዛዝ ሲመጣበት የሚያሳየው ወረቀት በእጁ ይኖረዋል።